ዋርካው ላይ የሰቀልኩት ሰዓት

ታይዋን በሚሉት የከተማ ገበያ ሰዓትና ስልክ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ጊዜን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። እናቴ ሞታ ከከተማ ወጣ ያለችው ማሳዋ እኔ እጅ ስትገባ፣ ቲማቲሟን አላደርቅም ብዬ ማልኩ።

የምንጩን ውሃ ገበሬዎቹ በተራ ነው የሚካፈሉት። ተራው የሚለካው ግን፣ አቦ፣ በጥላ ነው! ከቀትር በኋላ የዋርካው ጥላ እየረዘመ መሬት ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮች ይነካል። ድንጋይህ ላይ ሲደርስ ውሃው ያንተ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ትዘጋለህ። ከእኔ የምትቀጥለው የእናቴ ጎረቤት ነበረች፤ መንደሩ ሁሉ «አዮ» የሚላት ባልቴት።

ውሃው ሁልጊዜ የመጨረሻዋ መደብ ጋ ሳይደርስ ተራዬ ያልቃል። አንድ ቀን የአዮ ድንጋይ ከቦታው መነሳቱን አየሁ፤ የድሮ ቦታው ሣር የሌለው ክብ ሆኖ ቀርቷል። ወዴት እንደተነሳ ልብ ማለት ለእኔ ዓይነቱ አዋቂ አያስፈልግም። ጥላው ቶሎ እንዲደርስላት አስጠግታዋለች ብዬ ደሜ ፈላ። «ወላሂ፣ ይቺ አሮጊት የእናቴን ውሃ እየሰረቀች ነው!» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩ። አዮ ቀና ብላ አየችኝና ወደ አረሟ ተመለሰች።

የውሃ ተካፋዮቹ ማኅበር ስብሰባ ጠራ። ከሱቄ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ለማኅበሩ በነጻ ይዤ ሄድኩ፤ ስለ ፍትሕም እንደ ካድሬ ንግግር አደረግሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ልክ ስልሳ ደቂቃ ተብሎ ተወሰነ። አዮም «ጥሩ ነው፣ ሰዓት አያዳላም» አለች። በገዛ እጄ ዋርካው ላይ ሰቀልኩት፤ ተጨበጨበልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ስልሳ ደቂቃው ሲሞላ ሦስት መደብ ደረቅ ቀረ። በጥላው ጊዜ የምትቀረው አንዷ ብቻ ነበረች። ሰዓቱ ተበላሽቷል ብዬ ስልኬን አየሁ፤ ልክ ነው። ተራ የሚያስከብረው የውሃ አባት አጠገቤ ተቀምጦ ጫቱን ይቅማል።

«ወሪያ፣ አዮ እኮ ድንጋይዋን ወዲያ ነበር የምትገፋው» አለኝ። «ጥላው እንዲዘገይልህ። የከተማ ልጅ ነው፣ ቦይ መጥረግ አያውቅም፣ ውሃው መንገድ ላይ ይቀርበታል ብላ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መቼ አስወራኸን?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደፍሬ አዮ ጋ ለመሄድ ሳምንታት ፈጀብኝ።

«አፉ በይኝ አዮ። ድንጋዩ ይመለስ» አልኳት።

«አፉ ብያለሁ ልጄ። ድንጋዩ ግን ይቅር» አለችና በእጇ የማሳዋን ጫፍ አሳየችኝ። ሁልጊዜ ደርቆ የማየው፣ «ምን ዓይነት ሰነፍ ናት» እያልኩ የማልፈው ጥግ ነው። አሁን ሙሉ ስልሳ ደቂቃዋን አግኝቶ በርበሬው ለምልሞ ቆሟል።

ምን እላለሁ? የእናቴ ሦስት መደብ ቲማቲም ደረቀ። ማኅበሩ ደግሞ ሾሞኛል፤ የሰዓቱን ባትሪ የምቀይረው እኔ ነኝ።