ከጅቡቲ የመጡት ሁለት ዓሦች

አባቴ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። አሰላ ከተመለሱ ወዲህ ባሕር አላዩም፤ ወሬያቸው ግን ሁልጊዜ ባሕር ነው። ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት መውጣት ሲያቆሙ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሜ፣ “ባሕሩን ቤት ድረስ አመጣላቸዋለሁ” አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። ሳሎን ውስጥ የመስታወት ገንዳ ከነማሞቂያውና ከነአየር መስጫ ሞተሩ አስገጠምን፤ ወንድሜም የባሕር ውሃ በጀሪካን እያመላለሰ ሞላው።

በመጨረሻ ሁለት ቢጫ ዓሦች ይዞ መጣ። በየላስቲካቸው ከጥቂት ውሃ ጋር ታስረው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጋቢና ውስጥ ነበር የተጓዙት። ቆላው ላይ ሙቀቱ እንዳይገድላቸው መስኮት ሲከፍት፣ ከአዳማ ወዲህ ደግሞ ለብርዱ ሲዘጋ፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ ደረሰ። አንደኛው ዓሣ ጎኑን አዘንብሎ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስ ነበር።

ሻጩ አጥብቆ ነግሮታል፤ ላስቲኩ እንደታሰረ ገንዳው ላይ ይንሳፈፍ፣ ሙቀቱ ሲመሳሰል የገንዳው ውሃ በስኒ በስኒ ይጨመርበት፣ የላስቲኩ ውሃ ግን ገንዳው ውስጥ እንዳይገባ። ጨዉ በድንገት ከተለወጠባቸው አይችሉትም፤ መንገድ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻቸውም መርዝ ነው።

ወንድሜ ይህን እያስረዳኝ ሳለ አባቴ ያለ ከዘራ ብድግ አሉ።

“ታፍነው ሊሞቱ አይደል እንዴ! ስጡኝ፣ እኔ ልልቀቃቸው።”

“አባባ፣ ትንሽ ይታገሡ” አለ ወንድሜ።

“ያን ሁሉ መንገድ ታገሡ፤ ከዚህ በላይ ምን ይታገሡ?”

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔና ወንድሜ ተያየን፤ እጃቸውን ለመያዝ ግን ማናችንም አልደፈርንም። ላስቲኮቹን ፈትተው ከነውሃው ገለበጧቸው።

ጎኑን ያዘነበለው ሳይመሽ ሞተ። ሁለተኛው ተረፈ። አባቴም ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ወደ ገንዳው እያስጠጉ ስለ መርከቦቹ ያወሩለት ጀመር። ክረምቱ መሐል ላይ ግን መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያውም ሞተሩም ቆሙ። ገንዳውን በጋቢ ጠቀለልነው፣ ሙቅ ውሃ የሞላንባቸውን ጠርሙሶች አንሳፈፍንበት፣ አየር እንዲያገኝ ውሃውን በየተራ በጭልፋ እየቀዳን መልሰን ስናፈስ ዋልን። መብራቱ ሲመጣ ዓሣው አሸዋው ላይ ተጋድሟል።

“አባባ፣ ሌላ አመጣልዎታለሁ” አለ ወንድሜ።

“ተው ልጄ። ባሕር የናፈቀኝ እኔ፤ እነሱ ምን በደሉ?”

ዓሦቹ ያሳዝኑኛል፤ ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ መንገድ በሚችሉበት ጊዜ፣ ወንድሜ በየጊዜው ጅቡቲ ሲመላለስ፣ አጠገቡ አስቀምጦ እንዲወስዳቸው አንድም ቀን አላሰብንም። ባለፈው መስከረም ጠየቅናቸው።

“አሁንማ ወገቤ አይችልም” አሉን።