የጠፈሩ ቅጥረኛ በሃምሳ አለቃው ራስጌ

ጨዋነት ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል የገባኝ ሃምሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው።

አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ሐዋሳ ገቡ፤ ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩም ኖሩ። ግራ ዓይናቸውን የወሰደባቸው ጦርነት ሳይሆን እዚያው ጋራዥ ብረት ሲሞርዱ የተፈናጠረ ስባሪ ነው። ሰው ሲጠይቃቸው ግን “በሥራ ላይ ነው” ብለው ያልፋሉ፤ ሰሚው የፈለገውን ግንባር ይሙላበት።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የቀኝ ዓይናቸው የውስጥ መጋረጃ ተላቀቀ። ሐኪሟ ቀዶ ጥገናውን ስትጨርስ ዓይናቸው ውስጥ የጋዝ ፊኛ አስገብታ፣ እኔንና ባለቤቴን ለብቻ ጠርታ አስጠነቀቀችን። ፊኛው መጋረጃውን ገፍቶ በቦታው እንዲያጣብቀው፣ ሰውየው ዐሥር ቀን ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍተው መቆየት አለባቸው። ለምግብና ለመጸዳጃ ሲነሡም አንገታቸውን እንደደፉ ነው። ቀና ካሉ መጋረጃው እንደገና ሊላቀቅ ይችላል፤ ሌላ የሚያይ ዓይን ደግሞ የላቸውም።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤታችን ወሰድናቸው። አናጺው ጎረቤታችን ጣውላ በክብ ቆርጦ፣ ዙሪያውን ስፖንጅ አልብሶ፣ ሳሎን ካስገባነው አልጋ ራስጌ ጋር አያያዘልን። አማቼ በሆዳቸው ተኝተው ፊታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ። ቆሞ ለሚያያቸው ዕቃ ጉድጓድ ገብቶባቸው የሚፈልጉ ይመስላሉ።

እስከዚህ ድረስ ሕክምና ነው። ከዚያ ጠያቂ መምጣት ጀመረ።

አማቼ ሰው ሲገባ ተቀምጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሕፃን ቢገባ ይነሣሉ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ተነሥተው “ኖር” ሲሉት በዓይኔ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች በየተራ ብርቱካን ይዘው ገቡ፤ ሁለቴም በክርናቸው ተደግፈው ሊነሡ ሲሉ ባለቤቴ ትከሻቸውን ይዛ መለሰቻቸው።

“አባባ፣ ዓይንዎ!”

“ዓይን ለምንድነው? ሰው ለማየት አይደል? ሰው መጥቶ ካልተነሣሁለት ማየቱ ምን ያደርግልኛል?”

ክርክሩ መጥፎ አልነበረም። እኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ እኮራበት ነበር።

መፍትሔውን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። መጽሐፍ በሚነበብበት ቦታ ሰው ጭጭ ብሎ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሰላምታ የለም፣ መነሣትም የለም። ስለዚህ ጠያቂ በሚበዛበት ሰዓት ሁሉ መጽሐፍ ይነበባል። አንባቢው እኔ ነኝ፤ በዚህ ቤት ከመጽሐፍ ሌላ ለምንም እንደማልጠቅም ከታወቀ ቆይቷል።

በታሪክ መጽሐፍ ጀመርኩ። ስሕተት ነበር። አማቼ በየገጹ “ውሸት!” እያሉ ለመከራከር ቀና ሊሉ ሆነ። በማግሥቱ የራሴን መጣጥፎች አነበብኩላቸው። በአራተኛው ገጽ እንቅልፍ ወሰዳቸውና በጎናቸው ተገለበጡ፤ ባለቤቴ ሮጣ መለሰቻቸው። ስለ ሥራዬ ከተሰጡኝ አስተያየቶች ሁሉ ግልጹ ይህ ነው።

የሚያስፈልገኝ የማያስተኛ፣ ነገር ግን ሊከራከሩበት የማይችሉት መጽሐፍ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ክምር ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አነሣሁ። ሺህ ከዋክብት የሚገዛ መንግሥት እየፈረሰ ነው፤ አንድ ቅጥረኛ ወታደር ደግሞ በዳር ያለ የጠፈር በር ይጠብቃል። ሃምሳ አለቃው ስለ ጋላክሲ ምን ሊሉ ይችላሉ ብዬ እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ ገጽ እንኳ አልጨረስኩም።

“ምን አልከው? ቅጥረኛ?” አሉ ከቀዳዳው ውስጥ።

“አዎ አባባ።”

“ቅጥረኛ እኮ ስድብ ነው።”

“እዚያ ሥራ ነው። ውል ፈርሞ ይዋጋል።”

“ሚስት አለው?”

መጽሐፉ ስለ ሚስት አያወራም። “የለውም” አልኩ።

“እናትስ?”

“አባባ፣ የሚጠብቀው በር አንድ ተራራ ያክላል፤ መርከቦች በውስጡ ሲያልፉ...”

“እናት የሌለው ወታደር ወዴት ይመለሳል? እናት አድርግለት።”

እናት አደረግኩለት።

ምሁራን ወዳጆቼ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከኑሮ መሸሻ ይሉታል። እኔም በአደባባይ እንደዚያ ብያለሁ፤ አሁን ግን አልስማማም፣ ምናልባትም እነሱ ስለሚስማሙበት። እኛ ሳሎን ውስጥ የአንድ ሺህ ከዋክብት መንግሥት መፍረሱ ማንንም አልገረመም። አብዛኛው አድማጭ ቢያንስ አንድ መንግሥት ሲወድቅ አይቷል። የሚጠይቁኝ የሥራ ዝርዝር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መሸሹ እንደተሰማ አማቼ “ሬዲዮ ጣቢያው በማን እጅ ነው?” አሉ። መጽሐፉ ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ የለም። ግን ያለ ሬዲዮ ጣቢያ የሚወድቅ መንግሥት ማን ያምናል? አስገባሁ። “የወታደር ማርሽ ብቻ ነው የሚያሰማው” አልኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። “አለቀለታ” አሉ አማቼ።

በአምስተኛው ቀን ጠያቂው ማንን ለመጠየቅ እንደሚመጣ መለየት አቃተኝ። ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት የሲዳማ ተወላጅ ጎረቤታችን በየቀኑ ሱቋን በጊዜ ትዘጋ ጀመር። ጴንጤ ናት፤ ስትሄድ ሁሌም ለታማሚው ትጸልያለች። አንድ ቀን ዓይኗን ጨፍና “ጌታ ሆይ፣ የአባታችንን ዓይን አብራ፤ በሩ ላይ ብቻውን የቀረውንም ልጅ አስበው” አለች። “አሜን” ያልነው ሁላችንም ነን። ነገሩ የገባኝ እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንፈራው አንድ እንግዳ ነበር። የአማቼ የጦር አዛዥ የነበሩት ኮሎኔል ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ዶሮ ያረባሉ። አማቼ እሳቸውን ካዩ፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ባጃጅ ውስጥ፣ ቀጥ ይላሉ። ባጃጅ ውስጥ ጣራውን በጭንቅላታቸው መትተው ያውቃሉ። ስለዚህ ባለቤቴ በትሕትና ስልክ ደውላ “ለጊዜው ባይመጡ” አለቻቸው። እዚህ አገር “አይምጡ” የተባለ ሰው ነገሩ ከባድ መሆኑን ተረድቶ በማግሥቱ ይመጣል።

ዘጠነኛው ቀን ነበር። ቅጥረኛው በሩ ላይ ብቻውን ቀርቷል፤ ከአዛዡም “እስከ መጨረሻው ያዝ” የሚል ትእዛዝ ደርሶታል። በቤታችን በር ላይ ሳል ሰማሁ። ባለቤቴ ከውጭ ሕጉን ልታስረዳ ሞክራ ነበር፤ ኮሎኔሉ ግን ጆሯቸው ከብዷል፣ በዚያ ላይ የሴት ልጅ ትእዛዝ ለመስማት አልለመዱም። በባርኔጣና በከዘራ ገቡ።

አማቼ ሳሉን ለዩት። እጆቻቸው ጣውላውን ተጫኑ።

“ኖር ጌታዬ።”

“አባባ፣ አይነሡ” አልኩ።

“አለቃዬ ቆመው እኔ ልተኛ?”

“አንድ ቀን ነው የቀረዎት።”

“ልቀቀኝ።”

ሳላውቀው ማጅራታቸውን ይዣለሁ። በሃያ ሦስት ዓመት አማችነቴ አማቼን ከትከሻ በላይ ነክቻቸው አላውቅም። ክንዳቸው የጋራዥ ክንድ ነው፤ እኔ የያዝኩት ከባድ ነገር ቢኖር መዝገበ ቃላት ነው። ግንባራቸው ከስፖንጁ ሲለቅ ተሰማኝ።

ኮሎኔሉ እኔን አዩኝ፣ ጣውላውን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ለጎረቤታችን ሰጧት፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አኖሩ። በአንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ተንበረከኩ። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ጮኹ። ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙና እየተንፏቀቁ ራሳቸውን ከጣውላው ሥር አስገቡ።

“ይኸው” አሉ ከታች። “አሁን ማን ቆሟል?”

የአማቼ ማጅራት እጄ ሥር ላላ፤ ፊታቸው ወደ ቀዳዳው ተመለሰ።

“ጌታዬ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል።”

“የዶሮ ቤት ልብስ ነው። እንዴት ነህ?”

“ደህና ነኝ። እርስዎስ?”

“ወለሉ ቀዝቃዛ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ይሄ አማችህ ምን ያወራል?”

“የአንድ ቅጥረኛ ወሬ ነው። መንግሥቱ ፈርሷል፤ አለቃው ግን በሩን እስከ መጨረሻው ያዝ ብሎታል።”

“ለማን ብሎ ይይዘዋል?”

“እሱን አልነገረውም።”

“እኔስ ሠራዊቱ ሲበተን ምን ብዬህ ነበር?”

“ ‘ልብስህን ቀይርና እናትህ ዘንድ ሂድ’ ነው ያሉኝ።”

“ታዘዝክ?”

“ታዝዣለሁ።”

“እንግዲያው ዛሬም ትታዘዛለህ። ሐኪሟ ቀና በል እስክትልህ፣ እኔም ልምጣ ንጉሡም ይምጣ፣ አንገትህን እንዳታነሣ።”

“እሺ ጌታዬ።”

ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ኮሎኔሉ ግን መነሣት አቃታቸው። እኔ በብብታቸው፣ ባለቤቴ በወገባቸው ይዘን ብንጎትት ምንጣፉ አብሮ መጣ። አማቼ የሚሆነውን ባያዩም ድምፁ በቂ ነበር፤ መላ አካላቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባለቤቴ “አባባ፣ ሳቅም ክልክል ነው” አለች፤ ባሰባቸው። አናጺውን ጠርተን፣ ባለሱቋ ጎረቤታችንም ተጨምራ፣ ለአራት አነሣናቸው።

ኮሎኔሉ ወንበር ላይ ሆነው “ቀጥል” አሉኝ። መጽሐፉ ውስጥ ቅጥረኛው በሩ ላይ ይሞታል፤ ዐሥራ አንድ ገጽ የሚፈጅ፣ ሐያሲ የሚያስደስት አሟሟት ነው። እኔ ግን ሁለተኛ ትእዛዝ እንዲመጣለት አደረግኩ፦ ‘ልብስህን ቀይርና ሂድ።’ ሄደ። የት እንደደረሰ ሲጠይቁኝ እናቱ ቤት አልኩ። ምን አበላችው ብላ የጠየቀችው ጎረቤታችን ናት፤ በቆጮ ተስማማን። ሥነ ጽሑፋዊ ሕሊናዬ እስካሁን ደህና እንቅልፍ ይተኛል።

በዐሥረኛው ቀን ሐኪሟ መጋረጃው በቦታው እንዳለ ነገረችን። ማየቱ ግን ፊኛው እየሟሸሸ ሲሄድ በዝግታ የሚመለስ ነው። አማቼ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ “ጭጋግ ነህ” አሉኝ። ከዚያ በየጠዋቱ ሪፖርት ያቀርቡ ነበር፦ ፊኛው ሎሚ አከለ፣ ባቄላ አከለ፣ ምስር አከለ። የጠፋ ዕለት ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው “ቱላ ውሰደኝ” አሉ።

ኮሎኔሉ ዶሮዎቹ ቤት ውስጥ ነበሩ። አማቼ ግቢው ጫፍ ላይ በርጩማ አስወጥተው ሆን ብለው ተቀመጡ። ኮሎኔሉ የጥሬ ቆርቆሮ ይዘው ብቅ ሲሉ አማቼ ቀስ ብለው፣ ቀጥ ብለው ተነሡ።

“ኖር ጌታዬ።”

“በእግዜር። ተቀመጥ” አሉ ኮሎኔሉ።

አማቼ አልተቀመጡም። በግቢው ማዶ፣ ከአለቃቸው ትከሻ አልፈው ወደ አጥሩ እያዩ ነበር።

“ያቺ ቀይዋ ዶሮዎ ታነክሳለች” አሉ። “በግራ እግሯ።”