አያቴ ያረሙት የስኳር ተረት

ልጅ ሳለሁ እንደ እኔ ክረምትን የሚወድ ሰው ሐዋሳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሌላው ልጅ በጭቃው ሲማረር እኔ ደመናው በሐይቁ በኩል ሲጠቁር ገና ልቤ ይዘል ነበር፤ ዝናብ ከመጣ መብራት ይጠፋል፣ መብራት ከጠፋ እናቴ ሱቋን በጊዜ ትዘጋለች፣ ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ አያቴ፣ አባባ ሸምሱ፣ ፋኖሱን ለኩሰው ከከሰሉ ዳር ይቀመጡና ተረት ይጀምራሉ። ያኔ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ አንድ የንብ ቀፎ ነበረን። አያቴ ከገጠር ወደ እኛ ሲመጡ ከዕቃቸው ሁሉ አስበልጠው ይዘውት የመጡት እሱን ነው፤ እናቴ ስትቀልድባቸው ከልጆቻቸውም አንዷን እንዲህ ተንከባክበው እንደማያውቁ ትነግራቸው ነበር።

በዚያ ዓመት አያቴ አንድ ነገር ቃል ገቡልኝ። ንቦቹ ክረምቱን በደህና ከተሻገሩና አበባው ሲፈነዳ መንጋው ለሁለት ከተከፈለ፣ አዲሱ መንጋ የእኔ ይሆናል። የእኔ ብቻ! ታናሽ ወንድሜ ፈድሉ እስኪያለቅስ ድረስ ጉራዬን ነፋሁበት።

ሐምሌ እንደገባ ግን አያቴ ቀፎውን ከኋላ ብድግ አድርገው ሲመዝኑት ፊታቸው ተለወጠ። ቀሎ ነበር። አያቴ ያስቀሩላቸውን ማር ንቦቹ ጨርሰው በልተዋል፤ ዝናቡ ደግሞ አበባ አላስቀስም ብሏቸዋል። ካልተመገቡ መስከረምን እንደማያዩት አያቴ ነገሩን።

ምን እንደሚመገቡ የነገሩን በዚያው ምሽት በተረት ነው። ከአንድ ሸንኮራ የተወለዱ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ነጩ ስኳር፣ ቀዩ ስኳርና ከስኳሩ የሚተርፈው፣ ሞላሰስ የሚሉት ዝልግልጉ ጥቁር። ሦስቱም በክረምት ወደተራበችው የንቦች ንግሥት ደጅ ሄደው «እኔን ምረጪኝ» ይላሉ። አያቴ ነጩን ሲያናግሩት ድምፃቸውን ያቀጥኑታል፣ ጥቁሩን ሲያናግሩት ከሆዳቸው ያስገመግሙታል፤ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው እኔና ፈድሉ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንሰማው። ንግሥቲቱ ጥቁሩን መረጠች። ነጩማ ታጥቦ ታጥቦ ምን ቀርቶት? ጥቁሩ ግን የሸንኮራውን ጉልበት ሁሉ ይዟል። እኛም አጨበጨብን። አያቴም ይህን ያሉት በዘፈቀደ አልነበረም፤ ጎረቤታችን ሞላሰስ እያበሉ በሬ ያደልቡ ነበርና የበሬዎቹን የሚያብረቀርቅ ጀርባ አያቴ በየቀኑ በአጥር ያዩት ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ከጎረቤት በጀሪካን የመጣውን ሞላሰስ በውሃ አቅጥነው ሳህን ላይ አፈሰሱትና፣ ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ጭድ በትነውበት ቀፎው ውስጥ አስገቡት። ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ በደስታ አልቆም ብዬ ብርሃኑን ሳወዛውዝባቸው ተቆጡኝ። ከዚያ ዝናቡ ያለ ፋታ ለቀናት ዘነበ። ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ጠዋት ሮጬ ስወጣ የቀፎው ፊት በቡናማ ሰንበር ተዥጎርጉሯል፤ ሆዳቸው የተነፋ ንቦች መብረር አቅቷቸው እርጥቡ ሣር ላይ ይድሃሉ። የእኔ መንጋ እያለቀ ነበርና ጮኼ አለቀስኩ።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ አየችና «ሲያጌጡ ይመላለጡ» አለች። ማታ ፋኖሱ በራ፣ ከሰሉ ፋመ፣ ተረት ግን አልነበረም። በመጨረሻ የቀፎው ሰንበር የንቦቹ ኩስ መሆኑ የገባት እናቴ፣ ንብ ዝናብ ሲይዛት የት እንደምትጸዳ ጠየቀቻቸው። አያቴም ንብ ቤቷን እንደማታቆሽሽ፣ በርራ እስክትወጣ ሆዷ ውስጥ እንደምትይዘው መናገር ጀመሩና ድንገት ጉልበታቸውን መቱ።

«በሬ ቢሆን ሜዳው ላይ ይጥለዋል» አሉ። «እኔ ግን ዝናብ በር ለዘጋባቸው፣ ሆዳቸው የማይፈጨውን ዝቃጭ ጋትኳቸው። ለካ ነጩ የታጠበው ለዚህ ኖሯል!»

እናቴ ወዲያው ተነሥታ ሱቁን ከፈተች። ያን ሰሞን ስኳር ከገበያ ጠፍቶ ለደንበኞቿ የደበቀችው ጥቂት ነጭ ስኳር ብቻ ነበራት፤ ከነላስቲኩ አምጥታ አያቴ እግር ሥር አስቀመጠችው። «ደንበኛ ይታገሣል፤ እነሱ ግን አይችሉም» አለች።

ያ ምሽት ከየትኛውም ዓውደ ዓመት ይበልጥብኛል። ሞላሰሱን አውጥተን ጠረግን፣ ነጩን ስኳር በሞቀ ውሃ አሟሟን፣ ጭድ በተንንበት። አያቴ ጆሮዬን ቀፎው ላይ እንድለጥፍ ፈቀዱልኝ፤ ውስጡ እንደሚንተከተክ ድስት ሲያጉረመርም ስሰማ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ወደ ከሰሉ ስንመለስ አያቴ ተረቱን እንደገና ጀመሩ። ፈድሉ ሰምተነዋል ብሎ ተቃወመ።

«የዚያን ዕለት የተሳሳትኩትን ነው የሰማችሁት» አሉት። ንግሥቲቱ ነጩን መልሳ አስጠራችው።

ደካሞቹ አለቁ፤ የቀሩት ግን በነጩ ስኳር ክረምቱን ተሻገሩ፣ አበባው ሲፈነዳም መንጋው ተከፈለና የእኔ ድርሻ አዲስ ቀፎ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ አያቴ ያን ተረት ስንት ጊዜ እንደነገሩን አላውቅም፤ ግን ስሕተቱን አንድም ቀን ዘለውት አያውቁም። መጀመሪያ ጥቁሩን ያስመርጡና ያስጨበጭቡናል፣ ከዚያ ጉልበታቸውን መትተው «ተሳስቻለሁ!» ይላሉ፤ እኛም በጣም የምንስቀው እዚያ ላይ ነበር። ትልቅ ሰው ተሳስቻለሁ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ደስ የሚል ነገር መሆኑንም ከእሳቸው ተማርኩ።

አሁን አያቴ የሉም፤ ከዚያ መንጋ የተዋለዱት ንቦች ግን ግቢዬ ውስጥ አሉ። ዘንድሮም ሐምሌ ሲገባ ነጩን ስኳር እያሟሟሁ ተረቱን ለልጄ ጀመርኩላት። ንግሥቲቱ ጥቁሩን ስትመርጥ ልታጨበጭብ እጇን አነሣችና መልሳ ያዘችው፤ ከዚያ ዓይኗ እያበራ ጉልበቴን በሁለት እጆቿ መታችልኝ።