ጥላሸት የተቀቡ ዓሦች

የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ነው። አሮጌ የልብስ ቁልፎች የምናጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ አለን። ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ክዳኑን ከፍቼ እጄን ስሰድ፣ ቁልፎቹ ከሥር ያብረቀርቁና የሚያዩኝ ይመስለኛል። ቆርቆሮው የዝገትና የዘይት ሽታ አለው። ሽታው ሲመጣብኝ እጄን ሳብ አደርጋለሁ። ባለቤቲቱ "ምን ነከሰሽ?" ትለኛለች። "ምንም" እላታለሁ። ሰው ፊት ብዙ መናገር አልችልበትም። ለአንቺ ለምታነቢኝ ግን ልጻፍልሽ።

አባቴ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ትልቅ ግቢ የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበር። ፈረንጁ የመንገድ ሥራ ባለሙያ ነበር፤ አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ቆይቶ ወደ አገሩ ሄደ። ቤቱ ለአንድ ሻለቃ ተሰጠ። አባቴም እንደ ቤት ዕቃ አብሮ ለሻለቃው ተላለፈ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቁሜ እዚያው ግቢ ልብስ አጥብ ነበር። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ያሰጣሁት አንሶላ ይርገፈገፋል፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ግቢው ጆሮ እስኪያም ድረስ ጭጭ ይላል።

ታላቅ ወንድሜን ያፈሱት ገርጂ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያይ ነው። መኪና መጥቶ ሜዳውን ከበበና ጎረምሳ የሆነውን ሁሉ ጭኖ ሄደ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው ተባለ። ያስቀመጧቸው በአያት በኩል፣ ያኔ ገና የገብስ ማሳ በነበረው መሬት መሐል፣ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። ከዚያ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን። ሰሜን ከሄደ እንደማይመለስ ማንም አልነገረንም። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አባቴ ሻለቃውን ለመነው። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። "እስቲ እናያለን" አለውና ጋዜጣውን ማንበብ ቀጠለ። መቼ እንደሚያይ ግን አልተናገረም። አባቴም ደግሞ መጠየቅ ፈራ።

በዚያው ሰሞን ሻለቃው ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ሲያስለቅም የፈረንጁን የብረት ሳጥን አገኘ። ሳጥኑ ሲከፈት ደረጃ ደረጃ እየሆነ በሁለት በኩል ይዘረጋል። የታመቀ የዝገትና የዘይት ሽታ ወጣ። ውስጡ የውሸት ዓሦች ነበሩ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርማ፣ ሆዳቸው ላይ መንጠቆ የተንጠለጠለ። ሁሉም ዓይን አላቸው። ልብስ ማጠቢያው ጋ ሆኜ ሳይ ወደ እኔ የዞሩ መሰለኝ።

"ይሄ ምንድነው፣ ሽማግሌ?" አለ ሻለቃው።

"የዓሣ ማጥመጃ ነው፣ ጓድ ሻለቃ። ትል አይፈልግም። ዓሣው እውነተኛ ዓሣ መስሎት ይጎርሰዋል።"

"ዓሣም ይሸወዳል በለኛ።"

"ይሸወዳል፣ ጓድ ሻለቃ።"

"ከፈረንጁ ጋር ትሄድ አልነበር? እንግዲያው እሑድ ደብረ ዘይት ውሰደኝ። አንድ ትልቅ ዓሣ አስይዘኝና፣ ስለ ልጅህ በማግሥቱ ስልክ እመታለሁ።"

ሳቅ ብሎ ነው ያለው። አባቴ አልሳቀም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ቤት ይዞት መጣና የውሸት ዓሦቹን ሰፌድ ላይ አፈሰሳቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

"ነይ እስቲ፣ ምረጪልኝ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባዬ?"

"እኔስ ምን አውቃለሁ? ፈረንጁ ሲያጠምድ እኔ መኪና ውስጥ ተኝቼ ነበር።"

ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ነው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ ሰፌዱን ያይ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ፈረንጁ ጀልባ ላይ አውጥቶት ያውቃል። ያን ቀን የሰማውን ለማስታወስ ዓይኑን ጨፈነ።

"ይህ ውኃ ጥርት ያለ ነው አለኝ። ጥልቅ ነው። እኛ ዓሣውን ሳናየው እሱ ያየናል አለኝ። ስለዚህ የሚያብለጨልጭ አታሳየው። ትንሽ ይሁን፣ ውኃውን ይምሰል፣ ደግሞም ይስመጥ። ትልልቆቹ ታች ናቸው።" ዓይኑን ገለጠ። "እንዲህ ያለኝ ይመስለኛል።"

በዚያ ላይ ተመሥርተን መረጥን። ቀዩንና ቢጫውን ወደ ጎን አደረግን። የእንቁራሪት ቅርጽ ያለውን ባልዲ ውስጥ ጣልኩት፤ ተንሳፈፈ፤ እሱንም ተውነው። የጎማ ትሎቹ ከጋራዡ ሙቀት የተነሣ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ሲነኩ እንደ ሰው ጣት ይለሰልሳሉ። እነሱንም ተውናቸው። ለጀማሪ እጅ ይሆናሉ ብለን ያስቀረናቸው ጥቂት ነበሩ፤ ግራጫ ጀርባ ያላቸው ትናንሽ ዓሦች፣ ጭንቅላቱ ከባድ የእርሳስ ብረት ሆኖ ጭራው ላባ የሆነ አንድ፣ ማንኪያ የመሰለ ደብዛዛ ብረት፣ ደግሞ ሰውነቱ እንደ ጠርሙስ ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ ትንሽ ዓሣ። ይህኛው ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚቀረው ዓይኑ ብቻ ነበር።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ሰፌዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ዓይን አላቸው" አለች።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ደብረ ዘይት፣ ሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። እነሱ ቤት ውኃ የሚቀዳው ፊትን ወደ ዳር አዙሮ ነው፤ ወደ ታች አይታይም። ወደ ታች ያየ ሰው ከታች ያለውን ነገር ይዞ ይመለሳል ብለው ይፈራሉ። አዲስ አበባ ከመጣች በኋላ እንኳ ከቧንቧ ስትቀዳ ፊቷን ታዞራለች። እኛ ለምደነው ነበር።

"ዓይን ያለው ነገር እዚያ ወርዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ ሊወጣ? ልጄ በታሰረበት ሰሞን?"

"ሴትዮ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው" አለ አባቴ።

"ፕላስቲክ ከሆነ ዓይን ምን ያደርግለታል?"

እናቴ ከብረት ድስቱ ቂጥ ጥላሸት ፈቀፈቀች፣ በኑግ ዘይት ለወሰችው፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ የእያንዳንዱን ዓይን ደፈነች። እንደ ሕፃን አገጩን ይዛ፣ እንደምትኩለው አድርጋ ነበር የምትቀባው። የጠርሙሱ ዓሣ ብቻ አስቸገራት። ዓይኑ ያለው ከውስጥ በኩል ነበር፤ ከላይ የቀባችው ጥላሸት ተንሸራተተ። ደጋግማ ሞከረችና ከሳጥኑ ሥር ወሸቀችው። "ይህን አታውጡት" አለች። አባቴ እሺ አለ።

እሑድ የሻለቃው ሚስት ውኃ እፈራለሁ ብላ ቀረች። ምሳ ተሸካሚ ሆኜ እኔ ተከተልኩ። ጀልባው ላይም ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ለአባቴ የጠየቀውን እንዳቀብል ተቀመጥኩ። ሻለቃው መሐል ነበር፤ ሲቪል ለብሶ ሳየው ያጠረ መሰለኝ።

ሐይቁ ገደል ውስጥ ነው። ዙሪያው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ነፋስ አይገባም። የመቅዘፊያው ድምፅ ገደሉን መትቶ ዘግየት ብሎ ይመለሳል፤ ከኋላችን ሌላ ጀልባ የሚከተለን ይመስል ነበር። አንድ ሁለቴ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። የጀልባችን ጥላ ከሥራችን አልነበረም፤ ራቅ ብሎ፣ ታች፣ ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ውኃው መኖሩ የሚታወቀው በቅዝቃዜው ብቻ ነበር። የብርሃን ክሮች ወርደው ወርደው አንድ ቦታ ላይ ያልቃሉ። ከዚያ በታች ጥቁር ነው። እናቴ ወደ ታች አይታይም የምትለውን አውቃለሁ። ግን ወዴት ልይ?

አባቴ የመጀመሪያውን ግራጫ ዓሣ አሰረ። ሻለቃው ወረወረው፤ ሰመጠ፤ ክሩን ቀስ እያለ ጠቀለለ። ያን ጊዜ ከጥቁሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ዓሣ ወጣ። ፈረንጆቹ ባስ የሚሉት፣ ሌላውን ዓሣ የሚበላ ነው። ክንፉን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ከኋላ ተከተለው። ሊጎርሰው ሲል ቆመ። ዞሮ በጎን በኩል መጣና ፊቱን አየው፤ ጥላሸት የተቀባውን ፊት። ከዚያ እንዳመጣጡ ወደ ኋላ፣ ወደ ጨለማው ገባ።

ላባውን አሰርን። ማንኪያውን አሰርን። ሌሎች ወጡ፤ ሁሉም ይከተላሉ፣ ሁሉም ዞረው ፊቱን ያያሉ፣ ሁሉም ይመለሳሉ። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሬሳ ፊት አይቶ እንደሚወጣ ሰው ነበሩ። አንድም አልነከሰም።

"ሽማግሌ፣ ፈረንጁ በምን ነበር የሚይዘው?"

"በትዕግሥት፣ ጓድ ሻለቃ።"

"ታዲያ ከሳጥኑ ውስጥ እሱን አውጣልኛ።"

አባቴ ሊስቅ ሞከረ። ሻለቃው ሰዓቱን አየ። ወደ ከተማ የመመለሻው ጊዜ ደርሶ ነበር። አባቴ ግራጫውን ዓሣ በጋቢው ጫፍ ሊጠርገው ሞከረ፤ ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ፊቱን ጭራሽ አጠቆረው። ያኔ ሳያየኝ፣ መዳፉን ብቻ ወደ እኔ ዘረጋ። ምን እንደሚፈልግ ገባኝ። ከሳጥኑ ሥር የጠርሙሱን ዓሣ አውጥቼ ሰጠሁት። እንዲሰምጥ ክሩ ላይ ትንሽ የእርሳስ ብረት ጨመረበት።

ሲወርድ ሰውነቱ ወዲያው ጠፋ። ሁለት ዓይን ብቻ ወረደ። ብርሃኑ እስካለቀበት ድረስ አየሁት፤ ከዚያም እሱ እያየ፣ እኔ ሳላየው፣ ወደ ታች ቀጠለ። ሻለቃው ክሩን ለቀቀ፣ ለቀቀ። ድንገት የማጥመጃው ዘንግ ጎበጠ።

ዓሣው ሲወጣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኖቹ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ነበር። ከጥልቅ ሲወጣ እንደዚያ ይሆናል አሉ፤ ያን ቀን ግን አላወቅንም። ጀልባው ወለል ላይ ተጋድሞ ሰማዩን ያይ ነበር።

"ምን አይቶ ነው እንዲህ የፈጠጠው?" አለ ሻለቃው በመጨረሻ። ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር። ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገና አባቴን ትከሻውን መታ አደረገው። "አስያዝከኝ። ቃሌ ቃል ነው።"

ቃሉን ጠበቀ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ በራሱ እግር በራችንን ከፍቶ ገባ። እናቴ ጉልበቱን አቅፋ አልለቅ አለች። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ክንዱ ሥር አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዟል። አጠበችው፣ አበላችው። በልቶ ሲጨርስ ጠየቀ።

"ምን ብላችሁ ነው ያስፈታችሁኝ?"

"በዓሣ ነው" አለ አባቴ።

ወንድሜ ሳቀ። እናቴም ስቃ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወንድሜ መሳቁን ተወና ብርድ ልብሱን እያየ ነገረን።

መጋዘኑ ውስጥ አጠገቡ የሚተኛ ልጅ ነበር። ከየካ በኩል የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲተኛ የሚያወራ። ብርድ ልብስ የነበረው እሱ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይለብሱት ነበር። ልጁን ዕድሜው አልደረሰም ብለው ሊለቁት ወስነው፣ ያን ቀን ጠዋት ስሙን ጠርተው በር ላይ አቁመውት ነበር። የወንድሜ ስም በስልክ ተጠርቶ ሲወጣ ግን ቁጥሩ ጎደለ። የጎደለው መሞላት ነበረበት። ልጁን ከበሩ መልሰው ወደ ማሠልጠኛ በሚሄደው መኪና ላይ ጫኑት። ሲያልፍ ብርድ ልብሱን ለወንድሜ ወረወረለት። "ያዘው፣ እዚያ ሌላ ይሰጡኛል" አለው።

እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ወንድሜና እኔ የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ እኔ መደቡ ላይ፣ እሱ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራሹ ጠርዝ ላይ መተኛት ለመደ። ብርድ ልብሱን አይለብሰውም። በባዶው በኩል፣ ግድግዳው ጋ፣ ይዘረጋዋል። አንድ ጊዜ እናቴ አጣጥፋ ሳጥን ላይ ሰቅላው ነበር። ማታ መጥቶ አውርዶ መልሶ ዘረጋው። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ሲቆሽሽ ብቻ እናቴ ታጥበዋለች፤ ሲደርቅ እሱ ይቀበላታል።

ዛሬም ቤቱን የምጠርገው እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱ የተዘረጋበት ግድግዳ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ፣ መጥረጊያውን በቀስታ፣ በዳር በዳር አዞራለሁ፤ የተኛ ሰው እንዳልቀሰቅስ።