እርጥቧ ጉማጅ

በተራራው ጫካ መሃል የሚከራየውን የእንጨት ቤት የሚጠብቀው ሽማግሌ የሚለብሰው ሁሉ እንግዳ ረስቶት የሄደውን ነው። ኮቱ የአንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ሻርፑ የአንዲት ሙሽራ፤ እሷማ ባሏንም ልትረሳው ምንም አልቀራት አሉ።

ማገዶ ሲያቀርብ ከደረቁ መሃል አንዲት እርጥብ ጉማጅ ሸጎጥ ያደርጋል። ምድጃው ይታፈናል፣ ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ እንግዳው "ኧረ አባባ ይድረሱልኝ!" ይላል። ከዚያማ ማን ያስወጣዋል! እፍ እያለ፣ "የዛሬ ልጆች እሳት እንኳ አታውቁም" እያለ፣ ወሬ እስኪያልቅ ምድጃው ሥር ይቀመጣል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጨዋታ የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ትናንት የመጣችው ሴት ግን ዝም አለች። ዛፍ ሥር ቆሞ ቢጠብቅ ጥሪ የለም። አላስችል አለውና በሩን አንኳኳ።

"ልጄ፣ እሳቱ አስቸገረሽ?"

"ኧረ እንደ ጉድ እየነደደ ነው! አንዷ እርጥብ ነበረች፣ ለይቼ አወጣኋት።"

"እርጅና ነዋ፣ ምን ይደረግ" አለ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ እያሰገገ። "ብቻሽን አይከብድሽም?"

"ሰው የማይደርስበት ቦታ ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ አባባ።"

ሽማግሌው ምድጃውን አየት አደረገ።

"ለሱማ ከዚህ የተሻለ አታገኚም" አለና በሩን ራሱ ዘጋላት።