ባለ ሁለት ማንገቻው ቦርሳ

በ1973 ዓ.ም. ደባርቅ ተመድቤ ስሠራ፣ አንድ እሑድ ከከተማው ወጣ ካለ ደብር ከማኅበር ስመለስ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ «ጋሼ፣ በማርያም ያሸክሙኝ» አለኝ።

ሸክሙ የሸራ ቦርሳ ነው። ዱቄቱ፣ ድርቆሹ፣ ሽሮው፣ ደብተሩ ሁሉ እዚያው ታጭቋል። አንዱን ማንገቻ በቀኝ ትከሻው አግብቼ ሁለተኛውን ላጠልቅለት ስል ክንዱን ሰበሰበ።

«ይቅር ጋሼ። እሱ ከተማ ስደርስ ነው።»

ወሬ እወዳለሁና አብሬው እየሄድሁ ጠየቅሁት። አለነ ይባላል፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ያሥረኛ ክፍል ተማሪ። ቤተሰቡ ወደ አምባራስ በሚወስደው መንገድ፣ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ነው ያለው። ዓርብ ይወጣል፣ እሑድ የሳምንት ስንቁን ይዞ ይወርዳል። ስንቁን በአቅማዳ፣ ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻው ሲሸከም ኖሮ ትከሻው ወደቀ፤ ክፍል ውስጥ መቀመጥ እስኪያቅተው ወገቡን ያመው ጀመር። ዳባት ጤና ጣቢያ ቢሄድ «ሸክሙን ለሁለቱ ትከሻ ካላካፈልህ ጀርባህ ተጣሞ ይቀራል» አሉት። እናቱ ወይዘሮ ያርጋል ይህን ሰምተው ከአሮጌ ድንኳን ቦርሳውን አሰፉለት።

ታዲያ በዚያ አገር በጀርባ የሚሸከም ሴት ነው፤ እንስራውም፣ እንጨቱም፣ ልጁም። ወንድ በትከሻው ነው።

«መጀመሪያ ቀን አዝዬው ስገባ ጎረቤታችን ጋሽ አሻግሬ ‹አለነ! እንኳን ማርያም ማረችህ! ወንድ ነው ሴት?› አሉኝ። ሰው ሁሉ ‹እሹሩሩ በለው እንጂ!› እያለ ሳቀ።»

እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

«አባቴ ‹አንቀልባ አዝለህ እደጄ እንዳትደርስ፤ ካልሆነ ትምህርቱን ተወው› አለኝ። የነፍስ አባታችን ቄስ ወልደ ሩፋኤል እንኳ ቢለምኑት አልሰማም።»

«አባትህን እኔ ባነጋግረውስ?»

«የከተማ ሰው አበላሸው ይላል እንጂ ምን ይላል ብለው ነው?»

«እስቲ አሁን ሰው የለም፤ ሁለቱንም አግባው» አልሁት። ኋላውን አየና አጠለቀው። ወዲያው ቀና አለ፤ ትንፋሹም ረዘመ። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን አህያ የሚነዳ ገበሬ ብቅ አለ። አለነ ደንግጦ አንዱን ማንገቻ ሲያወልቅ ቦርሳው ተወዛውዞ ወደ ቀኝ ጎተተው፤ ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

«እንዴት ዋልህ የቢራራ ልጅ?» አለ ገበሬው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት ዋሉ?»

ገበሬው አልፎን ሄደ። አለነ ሁለተኛውን ማንገቻ መልሶ አላጠለቀም። ላግዝህ ብለውም እንቢ አለ። ከተማው መግቢያ ስንለያይ ቀኝ ትከሻው ወርዶ፣ አንገቱ ወደ ግራ ዘሞ ቆመና እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ወደኛ አገር የሚወጡ ከሆነ፣ ቢራራ የሚባል ገበሬ ይጠይቁና ‹ልጅህ ሸክሙን እንደ ወንድ ይዞ ገባ› ይበሉልኝ።»