ካርዴ ላይ ያልሰፈረው ሕመም

ልብስ መተኮስ የጀመርኩት ሙቀቱን ፈልጌ ነው። ብርድ ከነካኝ አጥንቴን ይቆረጥመኛል፤ ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከላውንደሪው ካውያ አጠገብ አልጠፋሁም። በሽታዬን ሲክል ሴል ይሉታል። የደሜ ሴሎች እንደ ማጭድ ይጎብጡና ሥሬ ውስጥ ይሰነቀራሉ፤ ያኔ ነው የሚያመኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያስቀረኝም እሱ ነው።

ታናሽ እህቴም ነበረባት። አንዲት ክፍል ውስጥ አብረን ስንኖር፣ እኔን ሲያመኝ እሷ ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከረች ትይዝልኝ ነበር፤ እሷን ሲያማት እኔ። ከክትትል ቀናችን በቀር ሐኪም ቤት አንሄድም ነበር፤ ከሥራ የቀረ ሰው ቦታው አይቆየውም። አምና ሞተች። አሁን ፎጣውን የምይዘው ራሴ ነኝ፤ ጀርባዬ ላይ ግን እጄ አይደርስም።

በክትትል ቀኔ፣ አንዲት ወጣት ነርስ ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ጠረጴዛ አውጥታ አገኘኋት። ለአዲስ መድኃኒት ጥናት እንደኔ ያሉ ሰዎችን ትመዘግብ ነበር። የፈቃድ ወረቀቱን ቀስ ብላ አነበበችልኝ፤ ካልፈለግኩ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ እንደምችልም ነገረችኝ። በየወሩ ደም እንደሚወሰድ ስትነግረኝ፣ «ውሰጂው ልጄ፣ ለእኔም አልሆነኝ» አልኳት። ሳቀች። ሕመሙ ቢቀንስልኝ ብዬ ጓጓሁ። ደግሞም በየወሩ አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንዴት ከረምሽ ሊለኝ ነው።

ጥናቱ የሚቀበለው ግን ባለፈው አንድ ዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሕመሙ ተነስቶበት ሐኪም ቤት የታከመ ሰው ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንዳመመኝ ስትጠይቀኝ ሰባት አልኳት። ካርዴን ገለጠች። ከላይ እስከ ታች «ደህና ናት» ይላል። ያስጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አልጋ ያዢ እንዳይለኝ ለሐኪሙ ሁሌ ደህና ነኝ ነበር የምለው።

«በቃ ሁለት ብለሽ ጻፊልኝ» አልኳት።

«እትዬ፣ ማመኑንስ አምኜዎታለሁ። ሐኪም ያላየውን ሕመም ግን መመዝገብ አልችልም።»

ምዝገባው ገና ስድስት ወር ስለሚቆይ፣ ከእንግዲህ ሲያመኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝናብ መታኝና በማግስቱ ካውያውን እንደያዝኩ ጭኔ ላይ ጀመረኝ። ለላውንደሪው ባለቤት አሞኛል ስለው፣ «አንቺም ትታመሚያለሽ እንዴ?» ብሎ ቀና አለ። ታክሲ ይዤ ብቻዬን ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። አስታማሚሽ ማነው ሲሉኝ ካርዴን አቀበልኳቸው። ግሉኮስ ተሰክቶልኝ እንደተኛሁ ነርሷ መጥታ መዝገቧ ላይ አንድ ብላ ጻፈች። «አንድ ቀረን» አለችና ወዲያው አፏን ያዘች።

ይኸው አምስተኛው ወር ሊያልቅ ነው፤ ሁለተኛው ሕመም ግን አልመጣም። ትናንት ሹራቤን ሆን ብዬ ቤት ጥዬ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ በራሴ አፍሬ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ጉልበቴን፣ ጭኔን፣ ክርኔን ዳሰስኩ። አንዱም አያመኝም። ተመስገን ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝና እንዲሁ ወደ ሥራ ሄድኩ።